የዐቅረቢያው አራት ጣቢያ

ቆሞ ሲያስተምር እንቅልፍ የሚወስደው አስተማሪ አይታችሁ ካላወቃችሁ፣ እኔን አላያችሁም ማለት ነው። እንቅልፍ ስላችሁ የሚያንኮራፋውን ዓይነት አይደለም። ዓይኔ እንደተገለጠ፣ ጠመኔው በእጄ እንዳለ፣ ሐሳቤ ብቻ ቀስ ብሎ ጫማውን ያወልቅና በመስኮት ይወጣል። ደብረ ታቦር አንደኛ ክፍል ሳስተምር ሰሌዳው ላይ "በ"ን እጽፍና ቆም ብዬ አያታለሁ። በር ትመስለኛለች። በሯን ገፋ አድርጌ እገባለሁ፤ ወዲያ ማዶ ምን እንዳለ ለማየት ጥቂት እራመዳለሁ፤ ስመለስ ስድሳ ሁለት ሕፃናት ዝም ብለው ሲያዩኝ አገኛቸዋለሁ። አንዲቱ አንድ ቀን እጇን አውጥታ "ቲቸር፣ ሄደው ነበር?" አለችኝ። "አዎ" አልኳት። ያኔ መዋሸት አይሆንልኝም ነበር።

ዓረብ ሀገር፣ ዳማም፣ ከመጣሁ በኋላም አመሌ አልለቀቀኝም። አል ነኺል በሚባለው ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ነው የምሠራው። ዕቃ ሳጥብ የሳሙናው አረፋ ደመና ይሆንብኝና አብሬው እሄዳለሁ። ውኃው ሞልቶ ወለሉ ላይ ሲፈስ ማዳም ከሳሎን "ያ ናይማ" ትለኛለች፤ አንቺ እንቅልፋም ማለቷ ነው። ከጊዜ በኋላ ልጆቹም ስሜ እሱ መሰላቸው። ማዳም ክፉ ሴት አይደለችም። በየሁለት ሳምንቱ ጁምዓ ከሰዓት ትለቀኛለች፤ ከመግሪብ ሶላት በፊት መመለስ ብቻ ነው ግዴታዬ። እኔም ታክሲ ይዤ ኹበር፣ ዐቅረቢያ፣ ዘይነባ ቤት እሄዳለሁ።

ዘይነባ የወሎ ልጅ ናት። በየመን በኩል በእግርና በጀልባ የመጣች፣ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የሌላት፣ ቤት ለቤት እየዞረች የምታጸዳ፣ ይህ ሁሉ እያለ ከሁላችንም አብልጣ የምትስቅ ልጅ። ቤቷ ከአንድ ጎማ ጠጋኝ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሳሎን፣ ኩሽና፣ ሀማም የሚሉት መታጠቢያ ቤትና አንዲት መኝታ ቤት አላት። ጁምዓ ከሰዓት ጎማ ጠጋኙ ይዘጋል፤ መንገዱ ጭር ይላል፤ ከባሕሩ የሚመጣው እርጥበት መስኮቱ ላይ ወተት የተቀባ ያስመስለዋል። ውጭ ያለው ነገር ሁሉ፣ ሕንፃው፣ የቆመው መኪና፣ የተሰጣው ልብስ፣ ገና ያልተሳለ ሥዕል ይመስላል። ለእኔ ዓይነቷ ሰው እንዲህ ያለ ሰዓት አደገኛ ነው።

እዚያ ቤት ትምህርት የተጀመረው በእኔ ጥፋት ነው። እስቲ ከሥሩ ልንገራችሁ።

እትዬ አስናቁ የሚባሉ የሞጣ ሴት አሉ፤ አርባ አምስት ዓመት ግድም ይሆናቸዋል። እዚያው ዐቅረቢያ ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት ይጦራሉ። መቅደስ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው። ጥለዋት ሲመጡ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ አሁን አክስቷ ጋ ሆና ዘጠነኛ ክፍል ትማራለች። እትዬ አስናቁ ማንበብ ስለማይችሉ በድምፅ ነው የሚልኩላት። ልጅቱ ግን ድምፅ አትልክም፤ ትጽፋለች። አፍራ ይሁን ተቀይማ አንድዬ ይወቅ። የምትጽፈውም ቢበዛ ሁለት ቃል ነው። "ደህና ነኝ።" "ፈተና ደረሰ።" "እሺ።"

እትዬ አስናቁ ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይሰጡኝና ፊት ለፊቴ ይቀመጣሉ፤ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፤ ቅዳሴ ሊገቡ ነው የሚመስሉት። የመጀመሪያ ቀን "ደህና ነኝ ትላለች" አልኩና ቀና ስል ገና እየጠበቁ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያጠራቀሙት ጉጉት ፊታቸው ላይ ተቀምጧል። "ሌላስ?" አሉኝ። ሌላ የለም ማለት አቃተኝ። ስልኩን አየሁት፤ ከዚያ ሐሳቤ ጫማውን አወለቀ።

"እማምዬ ናፍቀሽኛል ትላለች" አልኩ።

አለቅሳለሁ ብለው ሳቁ። በሚቀጥለው ጊዜ ትንሽ ጨመርኩ። በሚቀጥለው ደግሞ ድመት አመጣሁ። ግራጫ ድመት። ለምን ግራጫ እንዳደረግኳት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ መስኮቱ ግራጫ ስለነበር ይመስለኛል። መቅደስ ድመቷን መንገድ ላይ አግኝታ አሳደገቻት። ድመቷ የአክስትየውን ወተት ደፋች። ከዚያ ወለደች፤ ሦስት። እትዬ አስናቁ በድምፅ "ድመቷን ሰላም በይልኝ፣ ብርድ እንዳይመታት" ብለው ይልካሉ። መቅደስ ትመልሳለች፦ "የምን ድመት?" እኔ ሳልደነግጥ አነባለሁ፦ "ድመቷ ደህና ናት፣ እሷም ሰላም ትልሻለች።" ሲደውሉላት እንኳ መስመሩ ይቆራረጣል፤ "ድመቷስ?" ሲሏት "እ?" ትላለች፤ እሳቸው "እ"ውን ደህና ናት ብለው ይወስዱታል። በዚህ ዓይነት ሁለት ዓመት ሄድን።

አንድ ጁምዓ እትዬ አስናቁ ስልኩን ከመስጠታቸው በፊት "ልጄ፣ ፊደል አስቆጥሪኝ" አሉኝ።

"ለምን?" አልኩ። አስተማሪ ነኝ እኮ፤ ማንበብ ልማር ላለ ሰው "ለምን" ያልኩ በዓለም የመጀመሪያዋ አስተማሪ ሳልሆን አልቀርም።

"አንቺንም ማስቸገር በቃኝ። ደግሞ አንዳንዱን ብቻዬን ሆኜ ማየት አማረኝ።"

ዘይነባ ከኩሽና ብቅ ብላ "እኔንም ጻፊኝ ቲቸር" አለች። ከዘይነባ ጋር የምትኖረው ፋንቱ፣ የሞጣ ልጅ ናት እሷም፣ "እኔ እንኳ ፊደል እችላለሁ፤ ግን ልምጣ" አለች። ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። በሩን መዝጋት የምፈልገው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሦስት ተማሪ ምን ያስቸግራል ትሉ ይሆናል። እትዬ አስናቁ እርሳስ የሚይዙት እንደ ቢላ ነው፤ ከዜሮ ነው የሚጀምሩት። ፋንቱ ፊደሉን ሁሉ ታውቃለች፤ የምታውቀው ግን በዜማ ነው። "ፈ"ን ካሳየኋት ዓይኗን ጨፍና ከ"ሀ ሁ" ተነሥታ ገደሉን ሁሉ ወጥታ ወርዳ "ፈ" ላይ ትደርሳለች። "ፍቅር" የሚለውን ቃል ለማንበብ ፊደል ገበታውን ሦስት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ሄዳ ተመለሰች፤ ስትጨርስ ቃሉ ምን እንደሆነ ረስታው ነበር። ዘይነባ ደግሞ በልጅነቷ ቁርአን ቀርታለች። ፊደል ቶሎ ነው የያዘችው፤ የምታነበው ግን ከቀኝ ወደ ግራ ነው። "ሰላም" ብዬ ጻፍኩላት። ፊቷን አጨማድዳ ብዙ ካየችው በኋላ "ምላስ" አለችኝ።

ሦስቱን በአንድ ሰሌዳ ማስተማር እንደማይሆን ገባኝ። ያኔ ነው የድሮ ሥልጠና ትዝ ያለኝ። ደብረ ታቦር ሳለሁ አንድ አሠልጣኝ መጥቶ፣ ተማሪ ሁሉ እኩል አይራመድምና ክፍላችሁን በየጣቢያው ክፈሉት፤ እዚህ በድምፅ፣ እዚያ በእጅ፣ እዚያ በካርድ፤ ልጆቹ እንደየአቅማቸው እየሠሩ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ይዙሩ ብሎን ነበር። ሁላችንም አጨበጨብን። ስድሳ ሁለት ልጅና ወለሉ ላይ የተቸነከረ ወንበር ይዘን ወዴት እንደምንዞር ግን የጠየቀው አልነበረም። አሁን እዚህ አራት ክፍልና ሦስት ተማሪ ተሰጠኝ። ደስ ብሎኝ ተነሣሁና "ከዛሬ ጀምሮ ሁላችሁም ጣቢያ ትገባላችሁ" አልኳቸው።

ዘይነባ ሳቋ ጠፋ። "ወላሂ ቲቸር፣ እኔ ከጣቢያ እየሸሸሁ ነው እዚህ የደረስኩት። ሌላ ስም የለውም?"

"የመማሪያ ጣቢያ ነው፤ ፖሊስ የለበትም።"

"'ጥግ' በይው።"

"እሺ፣ ጥግ" አልኩ። አፌ ግን ስላልለመደው በሁለተኛው ጁምዓ ጣቢያ ሆኖ ቀረ፤ እነሱም ለመዱት። አለመልመዳቸው ይሻል ነበር።

አንደኛ ጣቢያ ሳሎን ነበር። ሰፊ ትሪ ላይ ጨው አፍስሼ በጣት ፊደል መጻፍ፤ ከተሳሳቱ ትሪውን ነቅነቅ ማድረግ ነው፣ ስሕተቱ ይጠፋል። ሁለተኛው ኩሽና ነው። በየጣሳው ላይ ስም ለጠፍኩ። ጣሳውን ያሸቱና የመጀመሪያውን ድምፅ ይናገራሉ፤ "በርበሬ"ን አሽትተው "በ" ከማለታቸው በፊት ያስነጥሳሉ። ሦስተኛው ሀማም ነው፤ ድምፅ ስለሚያስተጋባ። ሶፍት አፋቸው ፊት ይዘው "ተ" ሲሉ ሶፍቱ ይርገበገባል፤ "ጠ" ሲሉ ዝም ይላል። "ከ" እና "ቀ"ም እንደዚያው። ፋንቱ በሩን ዘግታ "ጠ፣ ጠ፣ ጠ" ስትል ታች ያለው የሕንፃው ሐሪስ፣ ያ ደግ ዘበኛ፣ ቧንቧ የፈነዳ መስሎት ሁለት ጊዜ መፍቻ ይዞ ወጥቷል።

አራተኛው መኝታ ቤት ነው። አልጋው ላይ የካርቶን ካርዶች በትኜ ቃል መገጣጠም ነበር ሥራው። ችግሩ አልጋ መሆኑ ነው። ሳምንቱን ሁሉ በአሥራ አንድ ሰዓት ተነሥተው የሚቆሙ ሴቶች፣ ኤሲው በዝግታ እያንጎራጎረ፣ መጋረጃው እያበራ እየደበዘዘ፣ "ቤ" እና "ት"ን አጠገብ ላጠገብ አድርገው ፊታቸውን እላያቸው ላይ ይደፉታል። ልቀሰቅስ እገባና ጫፉ ላይ እቀመጣለሁ። ፊደሎቹ ነጭ አንሶላ ላይ ተበትነው ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ የቆሙ ወፎች ይመስሉኛል፤ እግራቸውን እያነሡ ቀስ ብለው ሲሄዱ አያለሁ። ያ ጣቢያ ማንንም አላስነበበም። ሁላችንንም ግን አሳርፏል። እትዬ አስናቁ አንድ ቀን ጉንጫቸው ላይ የተለጠፈ "ሞ" ይዘው ወደ አሠሪዎቻቸው ቤት ሄደዋል።

አሁን ኃጢአቴን ልናዘዝ። አሠልጣኙ ለየተማሪው እንደየአቅሙ ስጡ ሲል እኔ ለራሴ እንደሚመቸኝ ሰጠሁ። ለእትዬ አስናቁ ያስጀመርኳቸው ፊደል "ጰ" ነበር። ቀጥሎ "ዠ"። ቀጥሎ "ኸ"። ከጳጳስ በቀር በ"ጰ" የሚጻፍ መልእክት ማን ይልካል ብዬ ነው። ምስኪኗ ሴት ጨው ላይ ሁለት ወር ሙሉ "ጰ"ን ሲጽፉ ከረሙ። "ልጄ፣ ይቺ ፊደል የት የት ነው የምትገኘው?" ሲሉኝ "ይመጣል፣ ይመጣል" እላለሁ። የረሳሁት አንድ ነገር ነበር። በየሃያ ደቂቃው ስልኬ ይደውላል፤ ሁሉም ይዞራል። ኩሽናው የእኔን ተንኮል አያውቅም፤ "ማር"፣ "ሽንኩርት"፣ "ነጭ አዝሙድ" እያለ ያስተምራቸዋል። የገዛ ዘዴዬ ከኋላዬ ሆኖ ሥራውን ይሠራ ነበር።

ነገሩ የሆነበት ቀን ሞቃት ነበር። እርጥበቱ ከብዶ ሰማዩና መንገዱ አንድ ሆነው ነበር። እትዬ አስናቁ ሳሎን፣ ዘይነባ ኩሽና፣ ፋንቱ ሀማም፤ እኔ አራተኛ ጣቢያ ካርድ ላስተካክል ገብቼ ቀረሁ። ፋንቱ "ጠ" ሲሰለቻት ስልኳን ታወጣለች። ጥሩወርቅ የምትባል የአክስቷ ልጅ መዝሩዒያ፣ ዳማም ትሠራለች፤ "ዛሬ ነይ" ብላት ነበር። ፋንቱም በዚያ በሚያስተጋባ ሀማም ውስጥ ሆና ይህን ድምፅ ላከች፦

"ዛሬ አልችልም፤ ጣቢያ ነኝ። ሁላችንም ጣቢያ ነን። እትዬ አስናቁ አንደኛ ጣቢያ፣ ዘይነባ ሁለተኛ፣ እኔ ሦስተኛ ነኝ። ያስገባችን ቲቸር ናት። ደወሉ ጮኸ፤ አሁን ወደ ሌላ ጣቢያ ሊያዛውሩን ነው።"

ከዚያ ስልኳን ዘግታ፣ ተራዋ አልጋው ስለነበር፣ አጠገቤ መጥታ ተኛች።

እኔን የቀሰቀሰኝ የማዳም ስልክ ነው። ጥሩወርቅ ወሬውን ለምታውቃት ሁሉ አዳርሳለች፤ የጎረቤታችን ሠራተኛ ሰምታ ለማዳም ነግራታለች።

"ፌን እንቲ? ሹርጣ?" አለችኝ ማዳም። የት ነሽ፣ ፖሊስ ጋ ነሽ ወይ ነው።

"ላ ማዳም። ማፊ ሹርጣ፣ ማፊ ሙሽኪላ። አነ ናይማ።" ፖሊስም ችግርም የለም ማለቴ ነው።

"ናይማ?" አለች።

"ናይማ" አልኩ፤ ተኝቼ ነበር።

"ኸላስ"፣ በቃ፣ ብላ ዘጋችው። ከነገርኳት ነገር ሁሉ ሳትጠራጠር ያመነችኝ ያንን ብቻ ነው።

ስልኩን ከማስቀመጤ በሩ ተደበደበ። ዘይነባ ተራዋ ደርሶ ሀማም ገብታ ነበርና የሀማሙ መቀርቀሪያ ጠቅ ሲል ሰማሁ። የውጩን በር ስከፍት ጥሩወርቅ ናት፤ ላብ አጥምቋታል፤ ሻንጣ ይዛለች። ከኋላዋ ብስኩትና ጭማቂ የተሸከሙ ሁለት ሴቶች። ከእነሱ ኋላ ሐሪሱ፣ መፍቻውን እንደያዘ።

"አንቺ ነሽ ቲቸር የሚሉሽ?" አለችኝ ጥሩወርቅ።

"ነኝ።"

"አንቺ ነሽ ያስገባሻቸው?"

"አዎ" አልኩ፤ እንዲያውም ትንሽ ኮራ ብዬ። ወሬው እስከ መዝሩዒያ መድረሱ ደስ አሰኝቶኝ ነበር። "ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ገብተዋል። በየሃያ ደቂቃው አዛውራቸዋለሁ።"

ጥሩወርቅ አፏን ከፍታ አየችኝ። "ሰው ከሀገሩ ልጅ ይህንን ይጠብቃል?" አለች ለሴቶቹ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። "ፋንቱን የት አድርሰሻት ነው?"

"መኝታ ቤት ተኝታለች።"

"ደበደቧት?"

"ማን?"

ፋንቱ ጸጉሯ ተንጨባሮ፣ ክንዷ ላይ "ቤ" እንደተለጠፈ፣ እያዛጋች ወጣች። ጥሩወርቅ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ሲጣራ ደግሞ ተቆጣች። ነገሩ ለሁላችንም እስኪገባን ብዙ ቆየ፤ ሐሪሱ በመሃል ገብቶ ቧንቧው የቱ ነው እያለ ይጠይቃል። በመጨረሻ ጥሩወርቅ ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀምጣ ላቧን ጠረገች።

"ልብስሽን ሸክፌ አምጥቻለሁ፤ ወደ ሀገር የሚመልሱሽ መስሎኝ። እኔ ጋ ያስቀመጥሽውን ብርድ ልብስ ግን ሰጥቼዋለሁ" አለች።

"ለማን?"

"አልቅሳ ለጠየቀችኝ።"

"በአንድ ሰዓት ውስጥ?"

"ቶሎ ነው የጠየቀችኝ" አለች ጥሩወርቅ።

ለእኛ ሳቅ ነው። ዘይነባ ግን ሀማም ውስጥ ነች። ሄጄ አንኳኳሁ። "ውጪ፣ ሹርጣ አይደለም" አልኩ። መልስ የለም። ፋንቱም ጠራቻት፤ የለም። ከዚያ በጣም በቀጭን ድምፅ "እያስገደዱሽ ነው የምታናግሪኝ ቲቸር?" አለችኝ። "አይደለም" አልኩ። ተገዳ የምትናገርም "አይደለም" ነው የምትለው። በበሩ ሥር ትንፋሿ ይሰማኛል። ያች ሁልጊዜ የምትስቅ ልጅ ያን በረሃና ያን ባሕር ሁሉ ተሻግራ መጥታ አሁን ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ሀማም ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ ያስገባኋትም እኔ ነኝ። ሳቄ ጠፋ።

ካርድ አነሣሁና ጽፌበት በበሩ ሥር ሰደድኩላት።

"ምላስ?" አለች ከውስጥ። ቆይታ፦ "የምን ምላስ ነው?"

"ከግራ ዘይነባ። ከግራ ጀምሪ።"

"ሰ" አለች። "ላ።" ብዙ ቆየች። "ም።"

መቀርቀሪያው ተከፈተ። ፊቷ ታጥቦ ነበር። "አልሐምዱሊላህ" አለች፤ ጥሩወርቅን አየች፣ ሻንጣውን አየች፣ ብስኩቱን አየች፤ ከዚያ ሳቋ ተመለሰ።

እትዬ አስናቁን የረሳናቸው እዚህ ላይ ነው። ጥሩወርቅ ሞጣ ላለችው እናቷ ደውላ ነበር፤ እናትየው ደግሞ የመቅደስ አክስት ጎረቤት ናት። ሳሎኑ ሁሉ ሲንጫጫ ከኩሽና አንድ ድምፅ ሰማሁ። ቀስ ያለ፣ እየተቆራረጠ የሚወጣ።

"እ… ማ…"

ጣሳ እያሸተቱ መሰለኝ። "እ… ማ" የሚል ጣሳ ግን አልለጠፍኩም። ገባሁ። ማቀዝቀዣውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ስልኩን ዓይናቸው ሥር አድርገው ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አሳርፈዋል።

"የ… ት…" አሉ። "ነ… ሽ።"

እጄ እንደ ልማዱ ተዘረጋ። እትዬ አስናቁ ስልኩን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉ። "ቆይ" አሉኝ። ከዚያ እንደገና ከላይ ጀመሩ። ሦስተኛ ጊዜ ሲያነቡት ተያያዘ።

"እማ የት ነሽ።"

ማቀዝቀዣው ይንጎራጎራል። ጣታቸው ወደ ላይ ሄደ፤ የድሮዎቹን መልእክቶች እየጎተቱ አወረዱ። መሸሽ እችል ነበር። እነጥሩወርቅን ያመጣው ታክሲ በር ላይ ነበር። ግን እግሬ አልሄደም።

"ደህና… ነኝ" አሉ። ሌላ አወረዱ። "እ… ሺ።" ሌላ። "የ… ም… ን… ድ… መ… ት።" ቀና አሉ። "ልጄ።"

"አቤት እትዬ።"

"ድመት የላትም?"

"የላትም።"

"ልጆቿስ?"

"ልጆቿም የሉም።"

"ግራጫዋን ወድጃት ነበር" አሉ። ቁጣ ብጠብቅም አልመጣም፤ ቁጣው ቢመጣ ይቀለኝ ነበር። "ናፍቀሽኛል ያለችውስ?"

መዋሸት የምችልባት አንዲት ደቂቃ ተሰጥታኝ ነበር። ያለፈውን መልእክት ሁሉ ገና አላነበቡም፤ ከላይ አለ ብላቸው ሌላ ወር ሊፈልጉት ይችሉ ነበር። "እሱንም እኔ ነኝ" አልኩ። "ሲጠብቁ ሳይ አላስቻለኝም።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ ድመት ሰላም በይልኝ ስላት፣ እናቴ ዓረብ ሀገር ሄዳ አእምሮዋ ተነካ ብላ ይሆናል እኮ።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ስልኩን እንደገና አዩት። "'እማ' ብላኛለች" አሉ ቀስ ብለው። "ይህንን አንቺ አልጨመርሽበትም?"

"ስልኩን አልነካሁትም።"

"አዎ" አሉ። "አልነካሽውም።"

ከዚያ መጻፊያውን ከፈቱ። ሰው ልጁ የት ነሽ ስትለው ምን ይላል? በዚያች ቅጽበት ሃያ ነገር በአእምሮዬ መጣ፤ ሁሉም ያማሩ ነበሩ። አፌን ስከፍት እትዬ አስናቁ ዞር ብለው ሳያዩኝ "አንቺ ዝም በይ" አሉኝ። ዝም አልኩ። "አ"ን ፈለጉ፤ አገኟት። "ለ"ን ወዲያው ነኳት። ከዚያ ቆሙ።

"'ሁ' ከ'ሀ' ሁለተኛዋ ናት አይደል?"

"ናት።"

ላኩት። ሦስት ፊደል፦ አለሁ። እኔ ከጻፍኩትና ካነበብኩት ሁሉ ያ ይበልጣል እያልኩ ሳስብ መልሱ መጣ። አሁን ሁለታችንም አጎነበስን፤ እኔ ግን አላነበብኩም፤ ጣሳዎቹን እያየሁ ጠበቅሁ።

"ማ… ነው… የጻ… ፈው" አሉ። ግራ ገብቷት ኖሯል።

"እኔ" ብለው ጻፉ። ይህኛው ፈጠነ።

ለጥቂት ጊዜ ምንም አልመጣም። ከዚያ ስልኩ ጮኸ። ጽሑፍ አልነበረም፤ ጥሪ ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ መቅደስ ራሷ ስትደውል የመጀመሪያዋ ነው። እትዬ አስናቁ በእጃቸው ውጪ የሚል ምልክት አሳዩኝ፤ ወጣሁ፤ የኩሽናው በር ከኋላዬ ተዘጋ።

ሳሎን ውስጥ ለእስረኛ የመጣው ብስኩት ተከፍቶ ሰው ሁሉ እየበላ ነው። ሐሪሱም መፍቻውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጭማቂ ይጠጣል። ዘይነባ ለጥሩወርቅ ጨው ላይ ስሟን እየጻፈች ታሳያታለች፤ ከየት እንደጀመረች አላየሁም። በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከውስጥ አንዳንዴ ሳቅ፣ አንዳንዴ ረጅም ዝምታ ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ሌላ ቀን ቢሆን ሐሳቤ ጫማውን አውልቆ በበሩ ሥር ገብቶ የጎደለውን ሁሉ ሞልቶ ይመለስ ነበር። ያን ቀን ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

እትዬ አስናቁ ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ መሃላችን ተቀመጡ። ሁላችንም አየናቸው።

"ምን አለች?" አለች ፋንቱ።

እትዬ አስናቁ ከፋንቱ ይልቅ እኔን አዩኝ። ብስኩት አንሥተው ለሁለት ሰበሩ፤ ግማሹን ሰጡኝ።

"የእኔና የእሷ ነው" አሉ።